ጨርቅን ያጠበው ያውቀዋል

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ንጉሡ ምን ለብሰው እንደተቀመጡ፣ መኳንንቱ ምን ደርበው እንደቆሙ አበጥረው ይነግሩናል። ካባው፣ ለምዱ፣ ጃኖው፣ በርኖሱ በየገጹ አለ። ያንን ሁሉ ልብስ ማን እንዳጠበው ግን እምብዛም አይነግሩንም። በታሪካችን ውስጥ ልብስ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያጥብ ይመስል።

እኔ ደግሞ የጨርቅ ታሪክ የሚጀምረው ከተለበሰ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ጨርቅ ሁሉ ያምራል። ላብ ሲነካው፣ ዝናብ ሲያገኘው፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ካውያ ሲያርፍበት ነው የክሩ ዘር የሚታወቀው። ዋጋውም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ለጨርቅ ሁለት ጊዜ እንከፍላለን፤ አንድ ጊዜ ለነጋዴው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨርቁ እስኪያልቅ ድረስ በሚያጥበው ሰው ጉልበት። በመጀመሪያው ዋጋ ሁላችንም እንከራከራለን። እስቲ ዛሬ ስለ ሁለተኛው እናውጋ።

ከጥጥ እንጀምር። ጥጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ካጠፋቸው የጠላት ንብረቶች መካከል እህልና ጥጥ ይገኙበታል። ጦር ሜዳ ላይ ከእህል ጋር የሚቆጠር ሀብት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው፣ ሸማኔው ድርና ማጉን አገናኝቶ አልብሰውናል።

ጥጥ በተፈጥሮው ሴሉሎስ ነው፤ ወረቀት የሚሠራበት ያው የዕፅዋት አካል። አንድ ግሩም ጠባይ አለው። ሲረጥብ ይጠነክራል። ሱፍና ሐር ውኃ ሲነካቸው ጉልበታቸው ሲቀንስ ጥጥ ግን ይበረታል። ድንጋይ ላይ ቢመታ፣ በእግር ቢረገጥ፣ ሁለት ሰው ይዞ ቢጠመዝዘው የሚችለው ለዚህ ነው። ሙቅ ውኃ አይፈራም፤ ሳሙናም አይፈራም። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ የሚያሞቀንም በእጥፎቹና በክሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው።

ደግነቱ ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ጥጥ ውኃ ይወዳል፤ የጠጣውን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። የረጠበ ጋቢ ተሸክሞ ከወንዝ ዳር የተመለሰ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ሦስት ቀን ተሰቅሎም ላይደርቅ ይችላል። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ብዙ ዘመን ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ይወይባል። በዚያ ላይ የእኛ ጥጥ ነጭ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሕዝብ ልብሱን የሚያጥብ ሰው ያስፈልገዋል።

ማን ነበር ታዲያ የሚያጥበው? መልሱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጨረሻና በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሀገራችን ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጎንደር ሲጽፍ፣ ወንድ ልጅ ገበያ ወርዶ ዕቃ ቢገዛ ነውር እንደነበረ፣ ውኃ እንደማይቀዳ፣ እንጀራም እንደማይጋግር ይናገራል። ልብስ ማጠብ ግን የወንድ ሥራ ነበር፤ የወንዱንም የሴቷንም ልብስ የሚያጥበው ወንዱ ነው፤ ሴት በዚህ ሥራ አታግዘውም ይላል። ዛሬ “ልብስ ማጠብ ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ነው” የሚለን ሰው ካለ ቢያንስ የጎንደርን አባወራ ይጠይቅልን። በእኔ ግምት ምክንያቱ ክሩ ራሱ ነው። ውኃ የጠጣ ወፍራም ሸማ ረግጦ ማጠብና ጠምዝዞ መጭመቅ የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ወንድ የሚኮራበት ነገር ነበር።

ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ግን ወንዙ ዳር የምናገኘው ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውኃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን ያዙት። በኋላ ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 (እ.ኤ.አ.) “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ለሳይንሱ ትልቅ ግኝት ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ግኝቱ የተገኘበት ቦታ ነው። የልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳር ነው። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው በውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው፤ ቅባትና እድፍን ከክሩ ያላቅቃል። ፍሬውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ለሸማ የሚሆነውን መጠን ማወቅ ዕውቀት ነው። ባለዕውቀቶቹ ደግሞ ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ከጥጥ ወደ ሱፍ እንለፍ፤ ከቆላው ጥጥ ወደ መንዝ ደጋ። መንዝ ብርድ ነው፤ በግ ደግሞ አለው። በርኖሱም ባናውም ከዚያ ይመጣል። ሱፍ ጠጉር ነው፤ ከጥፍራችንና ከፀጉራችን ጋር አንድ ዓይነት ፕሮቲን፣ ኬራቲን። ጠባዩ ከጥጥ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። ከራሱ ክብደት እስከ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ወስዶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይመስልም። ጥጥ ሲረጥብ ያበርዳል፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። እረኛው ካፊያ ላይ በርኖሱን ደርቦ የሚውለው ወግ ሊያሳይ ሳይሆን ክሩን ስለሚያውቅ ነው።

ሱፍ ታዲያ አጣቢውን ይፈትናል። እያንዳንዱ ጠጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲያገኘው፣ በላዩም ላይ ሲታሽ፣ ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይቆላለፉና ልብሱ ይኮማተራል። አንዴ ከተኮማተረ መመለሻ የለውም። በረኪና ከነካው ቢጫ ይሆናል፤ ከበዛበትም ክሩ ይሟሟል። ለጥጥ መድኃኒት የሆነው ሁሉ ለሱፍ መርዝ ነው። ላይ ላዩን ደግሞ ብል አለ። ብል ጥጥን ትቶ ሱፍን የሚመርጠው ምግቡ ኬራቲን ስለሆነ ነው። ሱፍን ማራገፍ፣ ማናፈስ፣ አልፎ አልፎ ብቻ በቀዝቃዛ ውኃ ሳያሹ ማለቅለቅ እንጂ እንደ ሸማ መውቀጥ አይቻልም።

የሁለቱ ዘር ልዩነት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት ከሀገራችን ወጣ ብለን ሁለት መቃብሮችን እንመልከት። ግብፅ ውስጥ ታርካን ከተባለ ቦታ የተገኘና አሁን ለንደን በፔትሪ ሙዚየም ያለ አንድ ቀሚስ አለ። ከተልባ እግር የተሠራ ነው፤ ዕድሜው ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ነው። የተልባ እግርም እንደ ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ የግብፅ ደረቅ አሸዋ ጠብቆታል። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ኤግትቬድ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንዲት ወጣት መቃብር ተከፈተ። የተቀበረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1370 ገደማ ነው። አጥንቷ እንኳ ጠፍቶ የሱፍ ልብሷ ግን ቁጭ ብሏል። እርጥቡና አሲድ የበዛበት አፈር ሱፉን ጠብቆ ሌላውን በላው። በዚያ አፈር ውስጥ የዕፅዋት ክር አይተርፍም። አንዱን የሚያጠፋው ሌላውን ያቆያል። “ጠንካራ ጨርቅ” የሚባል ነገር ብቻውን የለም፤ ጥያቄው “ለምን ነገር ጠንካራ?” ነው።

ሐርን በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ በመጣ የሐር ክር የተሠራና በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ የተወሰደ ትልቅ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሐር ጠንካራ ነው፤ ብርሃን ግን ይገድለዋል። ሙዚየሞች የሐር ዕቃን ለረጅም ጊዜ ብርሃን ላይ የማያቆዩት ለዚህ ነው። የሐር ቀሚስ ያላት እመቤት ልብሷን ጥላ ላይ ስታሰጣ የምትሠራው ሥራ ከሙዚየሙ ባለሙያ ሥራ አይለይም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ ጨርቅ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ ቆንስል አዲስ አበባ ገብቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካ ያን ያህል ርቀት መልእክተኛ የላከችበት አንዱ ምክንያት አቡጀዲድ ነው። በገበያችን ትልቁን ድርሻ ይዞ የነበረው የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጃፓን በዋጋ ቀድማ ገበያውን ወሰደችው። አቡጀዲድ ከሸሚዝ እስከ ድንኳን፣ ከአንሶላ እስከ ከፈን ሆኖ አገልግሏል። ማንም ያልፈተለው፣ ያልሸመነው፣ ተለክቶ የሚቀደድ ጨርቅ መጣ ማለት ነው፤ የእንዝርቷን ሰዓት ቆጠበ።

የፋብሪካ ጨርቅ ግን አንድ ተንኮል ይዞ መጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ላንካሻየር ፋብሪካዎች ድሩን ለማጠንከር ብለው ስታርችና ነጭ ሸክላ ይቀቡት ነበር። አንዳንዱ ፋብሪካ ይህን አብዝቶ ስስ ጨርቅን ወፍራምና ከባድ አስመስሎ ይሸጥ ነበርና በዘመኑ ቅሌት ሆኖ ነበር። ገዢው ሲዳስሰው ይወፍራል፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ሸክላው ከውኃው ጋር ይሄድና ጨርቁ ወንፊት ይሆናል። ማን ነው ተንኮሉን ቀድሞ የሚያውቀው? ነጋዴው አውቆ ዝም ብሏል፤ ገዢው ገና አላወቀም። የምታውቀው የምታጥበው ናት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከላቦራቶሪ ነው። ዋላስ ካሮዘርስ የተባለ ኬሚስት ለዱፖንት ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን ፈጠረ። በ1941 ደግሞ ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ፖሊስተርን አገኙ። በ1957 ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች፣ ቴይጂንና ቶሬይ፣ ፈቃዱን ገዝተው በዓመቱ ማምረት ጀመሩ። ለጨርቁም ከሁለቱ ስም “ቴ” እና “ቶ” ወስደው “ቴቶሮን” አሉት። አዎ፣ አባቶቻችን “ቴትሮን ሱሪ” እያሉ የተኩራሩበት ቃል ይሄው ነው።

በቴትሮን መቀለድ ዛሬ ቀላል ነው። እኔ ግን አልቀልድበትም። ቁጥሩን ተመልከቱት። በተለመደ አየር ውስጥ 100 ግራም ደረቅ ሱፍ 16 ግራም ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ጥጥ 8 ግራም ያህል፣ ናይለን 4 ግራም ያህል። ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በሌላ አነጋገር ማታ የታጠበ የቴትሮን ሱሪ ጠዋት ደርቆ ይጠብቃል። በሙቀት አንዴ የያዘውን መስመር አይለቅም፤ አይጨማደድም፤ ብልም ሻጋታም ብዙ አይደፍሩትም። እስቲ አንድ ሱሪ ብቻ ያለውን የዚያን ዘመን መምህር አስቡት። ማታ አጥቦ፣ ጠዋት እንደ ምላጭ የተተኮሰ መስመር ይዞ ተማሪዎቹ ፊት ይቆማል። እናቱ ወይም ሚስቱ ደግሞ ከአንድ የካውያ ከሰልና ከአንድ ሰዓት ድካም ተረፉ። ለደሃ ሰው ክብር የሰጠ ጨርቅ ነው። ሰው ሠራሽ ክርን ስናማ ይህን መርሳት የለብንም።

ዋጋው ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። አንደኛ፣ ወደ ገላ ዞረ። ውኃ የማይጠጣ ክር ላብም አይጠጣም። እ.ኤ.አ. በ2014 የቤልጅየም ተመራማሪዎች 26 ሰዎች ስፖርት የሠሩባቸውን ልብሶች መርምረው ነበር። አሽታቾች ከጥጡ ይልቅ ፖሊስተሩ በጣም እንደሚሸት መሰከሩ፤ ሽታ አምጪ የሆኑ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም በፖሊስተሩ ላይ በደንብ ይራቡ ነበር። ውኃን የሚጠላው ክር ቅባትን ይወዳል፤ የላብን ቅባት ይዞ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ወደ እሳት ዞረ። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይለሰልሳል። የከሰል ካውያ ደግሞ መቆጣጠሪያ የለውም። ስንቱ ሱሪ ካውያ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል! ጧፍ ይዞ የቆመ ሰው ልብስ ላይ እሳት ቢደርስ፣ ስስ ጥጥም ይያያዛል፤ ግን አመድ ሆኖ ይረግፋል። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሦስተኛ፣ ወደ ወንዝ ዞረ። በታጠበ ቁጥር በዓይን የማይታዩ ብናኝ ክሮች ይለቃል፤ እነሱ ደግሞ እንደ ጥጥ ቶሎ አይበሰብሱም።

አራተኛው ዋጋ ሸማኔው ላይ ወደቀ። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ክር ከግማሽ በላዩ ፖሊስተር ነው። በዓል ሲቃረብ ገበያ ውጡና እዩ። ከውጭ የመጣ፣ ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን የታተመ ጨርቅ “የሐበሻ ልብስ” ተብሎ ተሰቅሏል። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙት ሸማኔዎች ቀናት የሚፈጅባቸውን ጥለት ማሽን በደቂቃ ያትመዋል። ርካሽ ልብስ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ ኑሮውን ያውቃል። ቅር የሚለኝ ሳይነገረው መግዛቱ ነው። ፖሊስተር ፖሊስተር ተብሎ ይሸጥ፤ ፈትል ፈትል ተብሎ ይሸጥ። ሸማኔው በዋጋ ቢሸነፍ እንኳ በውሸት መሸነፍ የለበትም።

እስከዚያው አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ የጨርቅ ነጋዴዎች የሚያውቁት። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ ከልብሱ አርቆ መለኮስ ነው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸትና በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ይተዋል። ሱፍ ወይም ሐር ከሆነ እየተኮማተረ ይነዳል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ክር አይዋሽም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው። በሰፈራችን በቀን ሂሳብ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። አንድ ጊዜ ከእነሱ አንዷ፣ ልጆቿን በዚሁ ሥራ የምታሳድግ ሴት፣ የሱፍ ሹራብ ከሌላው ልብስ ጋር በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ አጠበችው። ሹራቡ ለሕፃን የሚሆን ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ ተቆጡ፤ የሁለት ቀን ሂሳቧንም አስቀሩባት። “ሱፍ መሆኑን ነገራችኋት ወይ?” ብዬ ብጠይቅ፣ “እኔስ የት አውቄ! ከልባሽ ጨርቅ የገዛሁት ነው፤ ምልክቱ ተቆርጧል” አሉኝ። እሷ ደግሞ፣ “ጋሼ፣ እኔ ስነካው ተጠራጥሬ ነበር። ግን በሙቅ እጠቢው ተብዬ እንዴት እምቢ ልበል?” አለችኝ። ይህን ንግግሯን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የገዛው አያውቅም፤ የሸጠው አልነገረም፤ የምታውቀው መናገር አትችልም። ቅጣቱ የወረደው ግን በማን ላይ ነው?

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ሸክላ በተቀባው ጨርቅ ዘመንም፣ ካውያ ላይ በተጣበቀው ቴትሮን ዘመንም እንደዚሁ ነበር። ፋብሪካው የክሩን ዘር በቀየረ ቁጥር የእጥበቱ ሕግ ይቀየራል። አዲሱን ሕግ ግን ለአጣቢዋ የሚነግራት የለም። በገዛ እጇ፣ በገዛ ኪሳራዋ ትማረዋለች። እንዶድን ለሸማ፣ ጥላን ለሐር፣ ቀዝቃዛ ውኃን ለሱፍ ያገኙት ሰዎች እንዲሁ ነው የተማሩት፤ ብዙ ልብስ አበላሽተው፣ ብዙ ተቆጥተውባቸው።

ምን ይደረግ ትሉኝ እንደሆነ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ነጋዴው ምልክቱን አይቁረጥ። የሀገር ውስጥ ፋብሪካና የልብስ ስፌት ባለቤት ጥጡ ስንት እጅ፣ ፖሊስተሩ ስንት እጅ እንደሆነ፣ በምን ውኃ እንደሚታጠብ በአማርኛም በሌላውም ቋንቋችን ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል አለ። እኛ ቤት ውስጥ ያለነው ደግሞ ልብሱን ከማስረከባችን በፊት አንድ ጊዜ እንጠይቅ፦ “አንቺ ምን ይመስልሻል? ይሄ በሙቅ ውኃ ይታጠባል ወይ?” እጇ ሺህ ጨርቅ ዳስሷል። “አይታጠብም” ካለች እንመናት።